የሁዳዴ ቀማሽ

በሁዳዴ የጋሼ ተክለሚካኤል ምላስ ሄራን ነበረች። እንዲህ ሲሠሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።

ጋሼ ተክሌ ከዴንቨር ኤርፖርት ብዙም በማይርቅ፣ ቻምበርስ መንገድ ዳር ባለ የዓሣ መጋዘን ተቀባይ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ አንድ ነው፤ አሥራ አራቱን ዓመት በዚያ በር ላይ ቆመው አሳልፈዋል። ዓሣ የጫነ መኪና ጀርባውን ለበሩ ሲሰጥ «ኮሎራዶ ባሕር የላትም፤ ባሕሯ እኔ ነኝ» ይላሉ። ሄራን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ፎርት ኮሊንስ የምግብ ሳይንስ ተምራለች፤ የመጋዘኑ ወረቀት በእሷ እጅ ነው። ዓሣውን ያጠመደችው ጀልባ ማን ትባላለች፣ በመረብ ነው በመንጠቆ፣ ከየትኛው ውቅያኖስ፣ በየትኛው ወደብ ወጣ፣ የላኪው አገር የጤና ማረጋገጫ አለ ወይ፣ ይህን ሁሉ የምታጣራው እሷ ናት። የምግብ ደኅንነት ሰርተፍኬቱም በእሷ ስም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የመጋዘኑ ሕግ ቀላል ነው። ትኩስ ቱና ወይም ማሂ ማሂ የሚባለው ዓሣ ሲገባ ከየሳጥኑ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ትቆረጣለች። ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት ትጠበሳለች። ተቀባዩ ያሸታታል፣ ያኝካታል፣ ምላሱ ላይ ይዟት ቆይቶ ይተፋታል። ሰናፍጭ የነካው ያህል ምላሱን ከቆጠቆጠው ያ ሳጥን አይገባም። እንዲህ ያለው ዓሣ ከሞተ በኋላ በቶሎ በረዶ ካላገኘ ሂስታሚን የሚባል መርዝ ያበጃል፤ ይህን መርዝ መጥበስም መቀቀልም አያጠፋውም። ላብራቶሪ ያገኘዋል፤ ግን ሁለት ቀን ይፈጅበታል፣ ትኩስ ዓሣ ደግሞ ሁለት ቀን የሚጠብቅ ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ለምላስ ይተዋል።

ጋሼ ተክሌ ደግሞ ሁዳዴ ከገባ ዓሣ ወደ አፋቸው አይጠጋም።

«ዓሣ እኮ በጾም ይበላል ይላሉ፣ ጋሼ» አለቻቸው በመጀመሪያው ዓመት።

«የሚለው ሆዳቸው ነው።»

«እሺ አይውጡት። አኝከው ይተፉታል።»

«አንቺ ጴንጤ! በጥርስ ያለፈ አለፈ ነው። ደግሞ ገና ሁለት ሰዓት ከጠዋቱ ነው፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ውሃም በአፌ አይዞር።»

«ታዲያ ያለፉትን ዓመታት ማን ይቀምስልዎት ነበር?»

«አንድ የቬትናም ሰው ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ጡረታ ወጣ።»

እንዲህ ሆነና ቀማሽነቱን ሄራን ወረሰች። እሷ ትቀምሳለች፣ ጋሼ ይፈርማሉ። የመጋዘኑ ባለቤት ግሬግ ይህን አያውቅም። ሊደብቁት ብለው አልነበረም። ጋሼ ጾማቸውን ለአለቃ ማስታወቅ ያፍራሉ፤ ሄራን ደግሞ ለግሬግ ማስረዳቱ፣ ከዚያ ስብሰባው፣ ከዚያ አዲስ ፎርም መሙላቱ፣ ከመቅመሱ ይረዝማል ብላ ተወችው። ሄራን የሚረዝም ነገር አትወድም። ስልክ ላይ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» የሚሏትን ሰዎች እንኳ በሁለተኛው ደህና ነሽ ላይ ታቋርጣቸዋለች።

ያን ረቡዕ የመጋቢት በረዶ ከሌሊት ጀምሮ ይጥላል። ከማያሚ የሚመጣው ጭነት ሦስት ሰዓት ዘገየ። አሥራ አንድ ሳጥን ማሂ ማሂ ነው፤ ከኢኳዶር፣ በሎንግ ላይን የተያዘ። ሎንግ ላይን ማለት ብዙ ኪሎሜትር የሚረዝም ገመድ ነው፤ በየተወሰነ ርቀት መንጠቆ ይንጠለጠልበትና ባሕሩ ላይ ተዘርግቶ ይተዋል። ዓሣው በጠዋት ይያዝ፣ በቀትር ይያዝ፣ ገመዱ እስኪጎተት ድረስ የሚያውቅ የለም። ገመዱ ከዘገየ ዓሣው እዚያው መንጠቆው ላይ ይሞታል፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ ተሰቅሎ ይቆያል፤ መበላሸት የሚጀምረው ጀልባዋን ሳያይ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን ከውሃ የወጣበት ሰዓት ብቻ ነው።

«መንጠቆ ላይ የሞተ ዓሣ መቼ እንደሞተ ለማን ይናገራል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር ጋሼን፣ ተማሪ እንደምታስተምር ሁሉ።

«ለምላስ» አሏት።

ወረቀቶቹ ንጹሕ ነበሩ። ጀልባዋ ዶኛ ኢነስ ትባላለች፤ ከዚያው ላኪ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንድም ቀን ነውር አልተገኘበትም። ሄራን ደግሞ አራት ሳምንት ሙሉ በባዶ ሆዷ ጨው አልባ ማሂ ማሂ አኝካለች። ሽታውን ከጸጉሯ ማስለቀቅ አቅቷታል።

ከበሩ ውጪ ሾፌሩ ፍሬዘር መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል። ሴንትራል ፓርክ ያለ አንድ ሬስቶራንት ለምሳ እፈልጋለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ፍሬዘር ክላክሱን ነፋ፤ ቀጥሎ አንገቱን በበሩ አሾለከ።

«ሄራን! ዓሣው ራሱ ዋኝቶ ቢሄድ ይሻለው ነበር እኮ!»

«በበረዶ ላይ አይዋኝም። ጠብቅ።»

«አይ-ሰቨንቲ አውራ ጎዳናው ተዘግቶ እዚያ ባድር አንቺ ነሽ እራት የምታመጪልኝ።»

የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈተች፤ ቆረጠች፣ ጠበሰች፣ አኘከች፣ ተፋች። ምንም። ሁለተኛውን። ምንም። ዘጠኝ ቀረ። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ሃያ ሰባት ደቂቃ። ጋሼ ተክሌ ትንሽ ራቅ ብለው የሳጥኖቹን ሙቀት ይለካሉ፤ ጀርባቸው ወደ እሷ ነው። ክላክሱ እንደገና ተነፋ።

ከዚያ ያደረገችውን ነገር በኋላ ስታስበው፣ እጇ ከእሷ ቀድሞ እንደሄደ አድርጋ ልታስታውሰው ሞክራለች። አልሆነላትም። እያወቀች ነው ያደረገችው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ሳጥን አንድ በአንድ ከፈተች፤ ከየሳጥኑ ቁራጯን ቆረጠች፤ ምጣዱ ላይ ግን አላኖረችውም። ዘጠኙንም ሰብስባ ከተተፋው ጋር ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

«ጨረስሽ?» አሉ ጋሼ ዞር ብለው።

«ጨረስኩ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ደህና ነው ጋሼ።»

«ተባረኪ» አሉና መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ በአሥራ አንዱም መስመር ላይ፣ በዚያ በቀስታ በሚጽፉት እጃቸው፣ ፈረሙ። ፍሬዘር ጭኖ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ግሬግ ከቢሮው ሲወጣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ነበር። ረቡዕ ማታ በዚያ ሬስቶራንት ማሂ ማሂ የበሉ ዘጠኝ ሰዎች ታመዋል። ፊታቸው በርበሬ መስሏል፣ ልባቸው ይደልቃል፣ ራስ ምታት፣ ትውከት። ስምንቱ መድኃኒት ወስደው በአንድ ሌሊት ተሽሏቸዋል። ዘጠነኛዋ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ የልብ ሕመም ነበረባት፤ የልጅ ልጇን ልደት ልታከብር የመጣች። ሆስፒታል ተኝታለች።

«ሪኮል!» አለ ግሬግ። «ሁሉም ይመለስ። አሁኑኑ!»

ሄራን ወረቀቱን ይዛ እስከ ማታ ደወለች። የት ተሸጠ፣ ስንት ተበላ፣ ስንት ቀረ። የተመለሰው ዓሣ ቀይ ቴፕ ታሰረበትና ከማቀዝቀዣው ጥግ ተቀመጠ። ሬስቶራንቱ የወሰደው ከሰባተኛው ሳጥን ነበር።

ዓርብ ግሬግ ሁለቱን ቢሮው አስቀመጣቸው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሲጨነቅ እስክሪብቶውን ያፈርሳል፣ ያን ጠዋት ሦስተኛውን አፍርሶ ነበር። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ቴክ» አለ፣ ጋሼን የሚጠራቸው እንዲያ ነው፤ «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ሰኞ ከስቴቱ ጤና ቢሮ ኢንስፔክተር ትመጣለች፤ እሷም ይህንኑ ነው የምትጠይቅህ። ይሄ ያንተ ፊርማ ነው። ዓሣውን ቀምሰኸዋል ወይስ አልቀመስከውም?»

ሄራን አሁን ያወጡታል ብላ ጠበቀች። «እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት» ቢሉ እውነት ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም። እሷም ያኔ ትገደዳለች፤ ተገድዳ መናገር ደግሞ ይቀላታል።

ጋሼ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀምሻለሁ» አሉ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምንም አልነበረውም። አንዳንዴ ምላስ ያመልጠዋል።»

ግሬግ እሷን ተመለከተ። ሄራን ፎርሙን ተመለከተች። የቢሮው ግድግዳ ሰዓት ኳኳታ ያለው መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቀችው። መናገር የነበረባት ጊዜ መጣ፣ ትንሽ ቆመላት፣ ሄደ።

«እሺ» አለ ግሬግ። «እስከ ሰኞ ቤትህ ቆይ። ከዚያ እንጃ፣ ቴክ። የተፈረመበት ዓሣ ሰው ሆስፒታል ካስገባ፣ ኢንሹራንሱም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ሰውየው አሁንም አለ ወይ ብሎ።»

ኮሪደር ላይ ተከተለቻቸው። «ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ምን ልበል? ያንቺን አፍ አምኜ በገዛ እጄ ፈረምኩ። አሁን ነገር ሲመጣ ‹እሷ ናት› ብዬ ጣቴን ልቀስር? ያውም ቀምሰሽው ሳለ!» ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «አይዞሽ። ሁሌ ምላስ ላይ አይታወቅም፣ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በሁዳዴ ዓሣ በላሁ ብዬ ዋሸሁ። ሳይበሉ መግደፍ ይሉሻል ይሄ ነው!» ብለው ሳቁ። «እኛ የንስሐ አባት አለን፤ እናንተ ጴንጤዎች ቀጥታ ነው የምትደውሉት፣ መስመሩ አይያዝባችሁም።»

ሄራን ልትስቅ ሞከረች። ጃኬታቸውን ለብሰው በረዶው ውስጥ ገቡ። የመኪናቸውን መስታወት በእጃቸው ሲጠርጉ በበሩ ታያቸዋለች፤ መጥረጊያው መኪናው ውስጥ እንዳለ ረስተውታል።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ወደ ማቀዝቀዣው ገባች። የሰባተኛውን ሳጥን ቀይ ቴፕ ፈታችው። እሷ የቆረጠቻት ቦታ ላይ ያለችው ጉድጓድ ትታያለች። ከዚያው አጠገብ ቁራጭ አነሣች፤ ምጣዱን ለኮሰች፤ ጠበሰች፤ አፏ ውስጥ አኖረችው።

መቁጠር ጀመረች። አምስት ላይ ሳትደርስ ምላሷ ጫፍ መቆጥቆጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ከንፈሯ፤ ቀጥሎ ላንቃዋ በሙሉ ሚጥሚጣ እንደነሰነሱበት ነደደ። ተፋችው፤ አፏን አሥር ጊዜ አጠበች። ከሌሎቹም ቀመሰች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ደህና ናቸው። ስምንትም ትንሽ ይቆጠቁጣል። ሰባተኛውን ግን ሕፃን ልጅም ይለየው ነበር።

ይህን ለምን እንዳደረገች ታውቃለች። ምላሷ ምንም ባይላት ኖሮ ነፃ ትወጣ ነበር፤ ብትቀምሰውም አይታወቅም ነበር ብላ ትተኛ ነበር። ያን ፍለጋ ነው የገባችው። አላገኘችውም። ከሰባተኛው ሳጥን ለመድረስ አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር የሚቀራት። ምክንያቱ ትልቅ ቢሆን፣ እናቷ ታማ ወይም ሌላ መከራ ደርሶባት ቢሆን፣ የምትደገፍበት ባገኘች። ምክንያቱ ግን ክላክስ ነው። ክላክስና መሰልቸት።

ወደ ጋሼ አልሄደችም፤ የሚቀለውን መረጠች። የግሬግን ቢሮ አንኳኳች።

ቆማ ነገረችው፤ ጾሙን፣ ቀማሽነቱን፣ ሁለቱን ሳጥን፣ ዘጠኙን ቁራጭ። ግሬግ ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

«ከላኪው ኢሜይል መጥቷል» አለ። «ጀልባዋ ሞተር ተበላሽቶባት ነበር። ገመዱ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ውስጥ ዋለ። ጥፋቱ የጀልባዋ ነው።»

«የጀልባዋ ነው። ግን እኛ ያለነው እንደዚያ ያለውን ጀልባ ለመያዝ ነው።»

«ሄራን፣ ስሚኝ። ግልጽ ልንገርሽ። ቴክ ቀምሼ አመለጠኝ ብሏል። እንዲህ ከሆነ የሰው ስህተት ነው፤ ኢንስፔክተሯ ትጽፈዋለች፣ እሱ ይሄዳል፣ መጋዘኑ ይቀጥላል። አንቺ ግን ሰርተፍኬቱ በስምሽ ያለ ሰው ነሽ። ሳልቀምስ ቀምሻለሁ አልኩ ካልሽ ስህተት አይባልም፤ ሐሰተኛ ሪኮርድ ነው የሚባለው። ሰኞ ይህን ከተናገርሽ ሰኞ ማታ እዚህ አትሠሪም። ሌላ ቦታም የሚቀጥርሽ መኖሩን እንጃ። ቴክ ይመለሳል፤ ከፊርማ አነሣዋለሁ እንጂ ይመለሳል። ካልተናገርሽ ደግሞ ይሄ በር ተዘግቷል፤ እኔም አልሰማሁም። ምረጪ።»

«አንተ የቱን ነው የምትፈልገው?»

«እኔ የምፈልገው ረቡዕ ዕለት እንድትቀምሺው ነበር» አለ ግሬግ።

ያን ቀን ማታ ሴንቴኒያል ከሚገኘው የወላጆቿ ቤት ገብታ እራት በላች፣ የአባቷን ስልክ አስተካከለች። ዘጠነኛዋ ሴት በኦክስጅን ላይ ናት ተብሏል። ሄራን ስሟን አታውቅም፤ ማወቅም አይፈቀድላትም። ሰባ ስምንት ብቻ ነው የምታውቀው። አንድ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሊያነቃ እንደሚችል አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሃቫና መንገድ አጠገብ የጋሼ ተክሌ አፓርትመንት በር ላይ ቆመች። ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ ሥራ ላይ ናቸው፤ ጋሼ ብቻቸውን ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ወንበር ላይ ጥለው የማቀዝቀዣ ቤት ጃኬታቸውን ያጥፋሉ። አጥበውታል። አሥራ አራት ዓመት የዓሣ ሽታ የጠጣው ጃኬት ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ግቢ፣ ግቢ ሄራንዬ። የሰው ንብረት አጥቤ መመለስ ይሻላል ብዬ ነው» አሉ፣ ስታየው አይተው። «ሴትዮዋ ተሽሏት ዛሬ ትወጣለች አሉ፤ ፍሬዘር ደወለልኝ። ተመስገን በይ።»

«ጋሼ፣ አልቀመስኩትም።»

እጃቸው ጃኬቱ ላይ ቆመ።

«ምኑን?»

«ዓሣውን። ሁሉንም አልቀመስኩም።»

«ስንቱን ቀመስሽ?»

«ሁለቱን።»

ዝግ ብለው ተቀመጡ። «እኔ ግን ሁሉም ላይ የተቆረጠበትን አይቻለሁ። ከመፈረሜ በፊት አይቻለሁ። ዘጠኙን ቆርጠሽ ጣልሽ?»

«አዎ።»

«ካልቀመስሽው ለምን ቆረጥሽው?»

ስትመጣ በመንገድ ላይ ለብዙ ጥያቄ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ለዚህ አላዘጋጀችም። ግሬግም ይህን አልጠየቃትም።

«እርስዎ እንዲያዩት» አለች።

ጋሼ ተክሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዴ ብቻ። ከመቆጣት ይልቅ የሚያውቁትን ሰው ፊት ለመለየት እንደተቸገሩ ነበር የሚያዩዋት።

«ትናንት ለንስሐ አባቴ ደወልኩ» አሉ። «‹አባ፣ ዋሸሁ፤ ግን እውነት የተናገረችን ልጅ ልሸፍን ብዬ ነው› አልኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፤ ቀለል አለኝ። አሁን ምን ልበላቸው? ‹እውነቱም አልነበረም› ልበል?»

«ለግሬግ ነግሬዋለሁ።»

«ለእኔ ሳትነግሪ?»

«እሱን መንገር ይቀላል።»

«መቼም ይህችን አልዋሸሽም።» ጃኬቱን ወደ ጎን አደረጉት። «እኔም አለሁበት። አፌ ንጹሕ ይሁን ብዬ ያንቺን አፍ ተዋስኩ። ምላሴን አስጾምኩ፤ ብዕሬን ግን አላስጾምኩትም። ቆሜ ላይሽ ይገባ ነበር። ሦስት ደቂቃ ቆሜ ባይሽ አታደርጊውም ነበር።»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም ጋሼ!»

«ዝም በይ! የኔን ጥፋት ደግሞ አትንጠቂኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። ከጎረቤት የውሻ ጩኸት መለሰላቸው።

ሄራን የግሬግን ቃል ነገረቻቸው፤ ከተናገረች ማን እንደሚሄድ፣ ካልተናገረች ማን እንደሚሄድ። እየሰሙ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይና ወደ ታች ያደርጉታል።

«ስለዚህ እንጀራዬን አንቺ ይዘሽዋል» አሉ በመጨረሻ።

«እናገራለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። እባክዎ።»

«አላደርግም።»

ደነገጠች። እሳቸው ዓይኗን አይተው ቀጠሉ፦

«አሁን ይቅር ብልሽ ቀለል ይልሻል፤ ቀለል ካለሽ ሰኞ ትቀሪያለሽ። አውቅሻለሁ እኮ፣ ሦስት ዓመት አብረን ቆመናል። ቶሎ ማለቅ ነው የምትወጂው። ከነሸክምሽ ነይ። እኔም እመጣለሁ፤ ‹ቀምሻለሁ› ያልኩትን እዚያው እመልሳለሁ። ያንቺን ግን አልናገርልሽም። ፈልገሽ ካልተናገርሽ፣ እኔ ‹አልቀመስኩም› ብዬ እቆማለሁ፤ ያኔ ማን ቀመሰ ይሉኛል፣ አላውቅም እላለሁ። አሁን ደግሞ እውነት ይሆናል፤ ማንም አልቀመሰማ።»

ሻይ አላሉዋትም። የበሩን እጀታ ስትይዝ «መንገዱ ያንሸራትታል» አሉ።

እሑድ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ዘምራ ተመለሰች። ጋሼ እንዳሉት መስመሩ አልተያዘባትም፤ ደወለች፣ ተናገረች፣ የምታውቀውን ሁሉ ተናዘዘች። ግን ስልኩ ሲነሳ የተሰማት እግዚአብሔር ሳይሆን ያው ጥያቄ ነበር፦ ካልቀመስሽው ለምን ቆረጥሽው?

ሰኞ ኢንስፔክተሯ በሰዓቷ መጣች። ጸጉሯን ወደ ኋላ የያዘች፣ ጫማዋ ላይ የፕላስቲክ መሸፈኛ ያጠለቀች፣ አነጋገሯ የማይጣደፍ ሴት ናት። ግሬግ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ጋሼ ተክሌ በመስኮቱ በኩል፣ ሄራን በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጋሼ የታጠበውን ጃኬት አጥፈው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል።

ኢንስፔክተሯ ላፕቶፗን ከፈተች። «ተቀባዩ ማን ነው?»

ግሬግ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሄራን ተናገረች። «ከሱ በፊት እኔ የምለው አለ። የመቅመሱ ሥራ የእኔ ነበር። ሁለት ሳጥን ቀምሼ ሁሉንም ቀምሻለሁ ብዬ ነገርኳቸው። አምነውኝ ነው የፈረሙት።»

ግሬግ ዓይኑን ጨፈነ። ሴትዮዋ አልደነገጠችም፤ እንዲህ ያለ ነገር በየሳምንቱ የምትሰማ ትመስላለች። ሄራን አለቀ ብላ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ወጥታ መሄድ። ኢንስፔክተሯ ግን ፎርሙን ወደ ራሷ ሳበችና ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደረገች።

«ይቅርታ፣ ሪኮርዱ ሳጥን በሳጥን ስለሆነ ሳጥን በሳጥን ነው የምጽፈው። አንደኛው ሳጥን?»

«ቀምሻለሁ።»

ጻፈች። ስትጽፍ በሁለት ጣቷ ነው።

«ሁለተኛው?»

«ቀምሻለሁ።»

«ሦስተኛው?»

«አልቀመስኩም።»

«ቁራጭ ተወስዶበታል?»

«ተወስዷል።»

«አልተቀመሰም?»

«አልተቀመሰም።»

ጻፈች። ጠበቀች። «አራተኛው?»

ሄራን «እስከ አሥራ አንድ ያው ነው» ልትል አፏን ከፈተች። በመስኮቱ በኩል ያሉትን ሽማግሌ አየቻቸው። እሳቸው ውጪውን ነው የሚያዩት፤ ፍሬዘር ከኤርፖርት ዓሣ ጭኖ መኪናውን ወደ በሩ እያስጠጋ ነው።

«አልቀመስኩም» አለች። «ቁራጭ ተወስዶበታል።»

አምስተኛው። ስድስተኛው። ሰባተኛው ላይ ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን ወደ ላፕቶፑ መለሰች። ሄራን ያንኑ መለሰች። ስምንተኛው። ዘጠነኛው። አሥረኛው። አሥራ አንደኛው። ውጪ መኪናው ወደ ኋላ እየመጣ ቢፕ ቢፕ ይላል፤ በሩ ላይ ዓሣ ደርሷል፤ የሚቀበለው ሰው የለም።

ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። «እርስዎስ፣ ጌታዬ? ‹ቀምሻለሁ› ብለው ነበር ይላል እዚህ።»

«አልቀመስኩም» አሉ ጋሼ ተክሌ። «በሃይማኖቴ ምክንያት አልቀምስም ነበር። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።»

«ሳይቀምሱ የፈረሙት የትኞቹ ላይ ነው?»

ጋሼ ጃኬቱን ከጉልበታቸው አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አንድ በአንድ ጠይቂኝ» አሉ፣ «እንደ ልጅቷ።»